ጋያ
ቅል፣ ሸክላ፣ ሸምበቆ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ

በጉሙዝ ሴቶች እጅ ጋያ የዘወትር ዕቃ ነው። ቅሉ ውሃ ይይዛል፤ ትምባሆው ከላይ በሸክላው ውስጥ ተደርጎ ፍም ይጫንበታል፤ ጭሱ ውሃውን እያንቦቀቦቀ ያልፍና በሸምበቆው ወደ አፍ ይመጣል። ሸክላውን ጠጋ ብለው ይመልከቱ፦ ውስጡን የለበሰው ጥቁር ቅሪት ምን እንደተጨሰበት ይመሰክራል።

በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ የተለየ ነው) ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች ተገኝተው ነበር። ዘመናቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይጠጋል። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የካናቢስ ቅሪት እንዳለባቸው አሳየ። ይህን የገለጠው የዲኤንኤ ሳይሆን የኬሚስትሪ ምርመራ ነው፤ እሳት ዲኤንኤን ስለሚሰባብር ከተቃጠለ ቅሪት እሱን ማግኘት ከባድ ነው።

ያልነደደ ቅጠል ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ካናቢስ በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የተከለከለ ነው፤ ደርቆ ከደቀቀ በኋላ ግን ከሌላ ቅጠል በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ያኔ ቅጠሉን አረንጓዴ ከሚያደርገው የሕዋስ ክፍል የሚወሰድ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ዝርያውን ይናገራል። ይህ ምርመራ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለተጠርጣሪው ነው፤ ትምባሆ ብቻ የያዘን ሰው ከክስ ያድናል።

ሌሎች የዲኤንኤ መለያዎች ደግሞ በዲኤንኤው ላይ የሚደጋገሙ አጫጭር ክፍሎችን ይቆጥራሉ። ከአንድ እናት ተክል ተቆርጠው የተተከሉ ቅርንጫፎች ቆጠራቸው ተመሳሳይ ይሆናል፤ ከዘር የበቀሉት ግን የየራሳቸው አላቸው።