የዛሬ ስምንት

የማታ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት እንደ ቀጠሮ ያስቸገረኝ ትምህርት የለም። «አፖይንትመንት ምንድን ነው?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቀጠሮ!» ይለኛል። ልክ ናቸው፤ ጣጣውም እዚያው ይጀምራል። የእኛ ቀጠሮ የሐኪምም፣ የፍቅረኛም፣ የዳኛም ነው። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ተማሪዬ «ዘ ጀጅ ጌቭ ሂም አን አፖይንትመንት» ብሎ ጻፈ። ዳኛው ጉዳዩን ለሌላ ቀን አሳደሩት ማለቱ ነበር፤ እንግሊዝ ቢያነበው ግን ሰውዬው ሹመት ያገኘ ይመስለዋል። «የቀጠሮ እስረኛ» የሚለውንማ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳው እስከ ጡረታዬ አልተገለጠልኝም።

ከቃሉ ይልቅ ግን ቆጠራው ይብሳል። ሰኞ ተገናኝተን «የዛሬ ስምንት» ከተባባልን የምንገናኘው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። የተቃጠርንበትን ቀን ራሱን አንድ ብለን ስለምንጀምር ስምንት ይሞላል። የዛሬ አሥራ አምስትም እንደዚሁ ሁለት ሳምንት ነው። እንግሊዝ ዛሬን አይቆጥርም፤ ሳምንቱ ሰባት ነው። ሁለት ሳምንትን «ፎርትናይት» ይላል፤ አሥራ አራት ሌሊት ማለት ነው። እሱ ሌሊት ሲቆጥር እኛ ቀን እንቆጥራለን። ተማሪዎቼ «አፍተር ኤይት ደይስ» እያሉ ማክሰኞ ላይ ሲወድቁ እኔ ሰኞ ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ይህን ስነግረው ይስቅብኝ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ይዞት የገባው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው፣ ማለት ነው። ከባቡሩ ቀድሞ በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ እሱ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ሳምንትን «ዊ ዡር»፣ ስምንት ቀን፣ ይላል፤ ሁለት ሳምንትን «ካንዝ ዡር»፣ አሥራ አምስት ቀን። ልክ እንደ እኛ! ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቱን ወንበር ሲወርስ፣ የአባቴ ስምንት ቀን በእኔ እጅ ሰባት ሆነ።

አያቴ ከሁለቱም ነፃ ነበረች። ብድር ስታበድር «ለሚካኤል ትመልሳለህ» ትላለች፤ አሥራ ሁለት ማለቷ ነው። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም። ተበዳሪው ቀኑን ረሳሁ ማለት አይችልም፤ ደወሉ ራሱ ያስታውሰዋል።

ከቀኑ ሰዓቱ የባሰ ነው። የእኛ አንድ ሰዓት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ነው፤ ፈረንጁ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቁጥሩ ዘጠኝ ይላል። አጠገቡ የነበሩትን ሁለት ፊደላት አይቼ ዘለልኳቸው። የወንድሜን ኮት ለብሼ፣ ጫማዬን ሊስትሮ አስጠርጌ፣ ከቀኑ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስኩ። ዘበኛው ደብዳቤውን ተቀብሎ አየና «ልጄ፣ ይሄማ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አልቋል» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ «የሐበሻ ቀጠሮ» እያሉ የሚቀልዱ ሰዎች አይጥሙኝም። እኔ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ነበር የሄድኩት።

አሁን የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን ትደውልልኛለች። በበጋቸው በሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ባለፈው «አጎቴ፣ የዛሬ ስምንት በሦስት ሰዓት እደውላለሁ» አለችኝ። «በማን ሦስት ሰዓት?» አልኳት። ዝም አለች፤ ጣቶቿን ስትቆጥር ይሰማኛል። ከዚያ «ኧረ ዝም ብለህ ስልኩን አጠገብህ አድርገው» አለችና ዘጋችው።