የእግረኛ መብራትና የባለ ንብረቱ ፊርማ

ማምሻውን ከምግብ ቤት ወጥቶ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ የሚያዘግም ሰው፣ የመንገድ መብራት ከጥንት ጀምሮ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ይመስለዋል። የአሜሪካ ከተሞች ታሪክ ሲመረመር ግን የእግረኛ መንገድን በማብራት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተነሣው በዚያው መንገድ ዳር የሚኖረውና የሚነግደው ሕዝብ ሆኖ ይገኛል። ማዘጋጃ ቤቱ ኋላ መጥቶ ፈቃድ ይሰጣል፤ ወጪውንም ማን እንደሚሸከም ይወስናል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ18ኛው መቶ ዓመት በፊላደልፊያ ከተማ ጆን ክሊፍተን የሚባል ሰው በደጃፉ አንዲት ፋኖስ ሰቀለ። ሕዝቡ ከተማውን በሙሉ ለማብራት የተነሣሣው የዚህችን ፋኖስ ጥቅም አይቶ እንደሆነ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በሕይወት ታሪኩ መዝግቦታል። ሰዎች ክብሩን ለፍራንክሊን ቢሰጡትም፣ እርሱ ግን የሚገባው ለክሊፍተን ነው ብሎ ጽፏል። የፍራንክሊን ድርሻ ፋኖሱን ማሻሻል ነበር። ከለንደን የሚመጡት ክብ ፋኖሶች ጭሱ በደንብ ስለማይወጣላቸው ቶሎ በጥላሸት ይጠቁሩ ነበር። እርሱ በአራት ጠፍጣፋ መስተዋት አሠርቶ፣ ከላይ የጭስ መውጫ፣ ከታች የአየር መግቢያ አበጀለት። በ1751 የግዛቲቱ ምክር ቤት የከተማው የሌሊት ጥበቃና የመንገድ መብራት በግብር እንዲተዳደር የሚደነግግ ሕግ አወጣ። አንድ ሰው ከኪሱ የጀመረው ነገር የከተማ ሥራ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የፈቃድ ጥያቄ እየከበደ ሄደ። ፋኖስ በራስ ደጃፍ ይሰቀላል፤ ለጋዝ ግን የሕዝብ መንገድ መቆፈር አለበት። በ1816 በባልቲሞር ከተማ ሬምብራንት ፒል የተባለ ሠዓሊ በሙዚየሙ አዳራሽ የጋዝ መብራት አብርቶ ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት ለእርሱና ለሸሪኮቹ በመንገድ ሥር ቧንቧ እንዲዘረጉ ፈቀደላቸው፤ የከተማውን መንገዶች እንዲያበሩም ተስማማ። የመጀመሪያው የመንገድ ፋኖስ በየካቲት 1817 በራ።

በሎስ አንጀለስም ነገሩ በዚሁ መንገድ ተጉዟል። በ1882 የመጨረሻ ቀን ምሽት ከተማዋ 150 ጫማ በሚደርሱ ረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የተሰቀሉ የኤሌክትሪክ መብራቶችን አበራች። በ1905 ደግሞ በብሮድዌይ ጎዳና ዝቅ ያሉ፣ ክብ ክብ መስተዋት ያላቸው የጌጥ ምሰሶዎች ሲተከሉ፣ በወጪው የተካፈሉት የመንገዱ ዳር ባለ ንብረቶች ነበሩ። እየዋለ እያደረ አሠራሩ ሕግ ሆነ። ባለ ንብረቶቹ ፊርማ አሰባስበው ለማዘጋጃ ቤቱ ያመለክታሉ፤ መሐንዲሶች ፕላኑን ያጸድቃሉ፤ ወጪው በየይዞታው ተደልድሎ ከንብረት ግብር ጋር ይከፈላል። በ1925 የከተማው የመንገድ መብራት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዛሬ በዚያች ከተማ ከ400 በላይ ዓይነት የመብራት ምሰሶ ይገኛል፤ የየሰፈሩ ምርጫና የየዘመኑ ሥራ ምልክት ነው።

በኅዳር 1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 218ን በድምፅ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ለመብራት አዲስ ክፍያ ለመጣል ለእያንዳንዱ ይዞታ ባለቤት የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ መላክ አለበት፤ ወረቀቱም ከስብሰባው ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ መላክ ይኖርበታል። ድምፁ የሚመዘነው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሚከፈለው ገንዘብ መጠን ነው። የሚቆጠረውም ተመልሶ የመጣው ወረቀት ብቻ ነው። ተቃዋሚው በሚዛን ከበለጠ ክፍያውን መጣል አይቻልም።

ለስደተኛው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሕንጻ 40 ቤተሰብ ተከራይቶ ቢኖር፣ ፖስታው የሚመጣው ለአንዱ ባለ ንብረት ነው። በየሌሊቱ በጨለማው የሚሄደው ሌላ፣ የሚፈርመው ሌላ። ባለ ንብረቱ በሌላ ከተማ የሚኖር ከሆነማ ፖስታውን ሳይከፍት ሊጥለው ይችላል።

በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሎምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለውን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ያ ስም የተገኘው የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና የማኅበረሰቡ አባላት ደጅ ጠንተው ባደረጉት ጥረት ነው። ስም ለመጠየቅ ተከራይም ባለ ቤትም እኩል ነው። አዲስ ክፍያ የሚያስከትል መብራት ለመጠየቅ ግን ባለ ቤቱ ዘንድ መድረስ ግድ ይላል።

በሩ ግን ለተከራይ ጨርሶ አልተዘጋም። ሕጉ ክፍያውን በቀጥታ የመክፈል ግዴታ ያለበትን ተከራይ እንደ ባለ ንብረት ይቆጥረዋል። የንብረት ግብርና ሌላውንም ክፍያ ተከራዩ እንዲሸፍን የሚያስገድዱ የሱቅና የምግብ ቤት ውሎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለመብራት ፊርማ የሚያሰባስብ ማኅበር ሁለት ነገር ማስቀደም ይበጀዋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ የኪራይ ውሉን አውጥቶ፣ ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ ቢያስነብብ። ሁለተኛ፣ የየሕንጻው ባለቤት ማን እንደሆነ ከካውንቲው መዝገብ ተጣርቶ፣ ፖስታው ከመላኩ በፊት ተከራዮቹ በአንድነት ሄደው ቢያነጋግሩት። ክፍያው ኋላ በኪራይ ላይ ይጨመር እንደሆነም ያኔውኑ መጠየቅ ይገባል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው። ክሊፍተን ግን የመጀመሪያዋን ፋኖስ ሲሰቅል ብቻውን ነበር፤ የቀሩት የመጡት ብርሃኑን ካዩ በኋላ ነው።