የካርዲፍ ከተማ አርማ ምስክርነት

በኤውሮጳ የከተማ አርማ በጋሻ ላይ የተሣለ የታሪክ ሰነድ ነው ይባላል። ሰነድነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ የትኛው ዘመን እንደሚመሰክር አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ለዚህም የዌልስ ዋና ከተማ የካርዲፍ አርማ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ካርዲፍ በ1801 የነዋሪዎቿ ቁጥር 1,870 ብቻ ነበረ። የድንጋይ ከሰል ንግድ ወደቧን ስላሰፋው በ1901 ሕዝቧ ከ160,000 በላይ ሆነ። በ1905 ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የታላቅ ከተማነት ማዕረግ ሰጣት፤ አርማውም በ1906 ተፈቀደላት።

በጋሻው ነጭ መደብ ላይ ቀይ ዘንዶ በአረንጓዴ ጉብታ ቆሞ ሰንደቅ ይዟል፤ በአጠገቡም ባሮ ሽንኩርት በቅሏል። ሁለቱም የዌልስ ሕዝብ ምልክቶች ናቸው። ከበላዩ በግንብ አምሳል የተሠራ ዘውድ፣ የቱዶር ነገሥታት ጽጌረዳና የዌልስ ልዑል ምልክት የሆኑት ሦስት የሰጎን ላባዎች ይታያሉ። ጋሻውን በአንድ ወገን የተራራ ፍየል፣ በሌላው ወገን ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ የባሕር ፈረስ ደግፈውታል። ከሥሩ የተጻፈው የዌልስ ቃል «ንቃ፤ ነግቷል» ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ያለው በሰንደቁ ላይ ነው። ሰንደቁ ቀይ ሆኖ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ላይ የሾሉ ሦስት የብር መስመሮች አሉበት። ይህም በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አገሩን ኖርማኖች የነጠቁት የሞርጋኑግ ገዢ የየስቲን አፕ ጉርጋንት ምልክት ነው ይባላል። ሆኖም በዘር የሚወረስ የጋሻ ምልክት የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ፣ የስቲን ይህን ሰንደቅ ሊይዝ አይችልም ነበር። እነዚያኑ ሦስት መስመሮች፣ በወርቅ መደብ ላይ በቀይ ቀለም፣ ይይዙ የነበሩት ከ1217 እስከ 1314 አገሩን የገዙት የኖርማን ወገን የሆኑት ደ ክሌሮች ናቸው። እንደሚመስለኝ፣ የኋላ ሰዎች የተሸነፈውን ገዢ ሊያከብሩ ሲሹ የድል አድራጊዎቹን ምልክት ቀለሙን ለውጠው አለበሱት።

ታዲያ አርማው ሐሰተኛ ነው ብለን እንጣለውን? አይገባም። ስለ የስቲን ዘመን የሚሰጠው ምስክርነት ደካማ ነው፤ ስለ 1906 ግን የታመነ ምስክር ነው። ከየአገሩ በመጣ ሕዝብ የሞላችው የከሰል ወደብ ራሷን የዌልስ ልጅ አድርጋ ለመታየት መፈለጓን ይነግረናል። በ1955 ዋና ከተማ ተብላ ስትሰየም ያ ምኞት ተፈጸመ። ስለዚህ ምልክትን የሚያነብ ሰው የማን እንደ ነበረ ከጠየቀ በኋላ፣ ማን እንደ መረጠውና መቼ እንደ ተመረጠም ይጠይቅ።