ጭራ የምትበላው ዶሮ እና የጆንያው መኖ

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይላል ተረቱ። አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ መታረጃዋን በገዛ እግሯ ባላወጣችው ነበር ለማለት ነው። የዶሮ እርባታ ታሪክ ግን ከተረቱ ጋር አይስማማም። ዶሮን ከሰው ጋር ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያኖራት ይኸው መጫሯ ነው። ሳትጭር መኖር የጀመረችው ገና የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ለዚያም የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው፤ በተለይ እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር።

የለማዳ ዶሮ ምንጭ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች የሚኖረው ቀዩ የዱር ዶሮ ነው። እስካሁን ከተገኙት የለማዳ ዶሮ አጥንቶች እጅግ ጥንታዊ የሚባሉት በታይላንድ፣ ባን ኖን ዋት በተባለ ስፍራ የተቆፈሩት ናቸው። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል። ይህን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ተመራማሪዎች የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው። ሰው በደረቅ መሬት ላይ ሩዝና ሌላ እህል መዝራት ሲጀምር፣ የጫካው ወፍ የወደቀውን ፍሬ ለመልቀም ወደ ማሳውና ወደ ጎተራው ተጠጋ። ሰው አሳድዶ አልያዛትም፤ እሷው ራሷ ምግብ ፍለጋ መጣች።

ወደ ኢትዮጵያም የገባችው በጥንት ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ቦታ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ የገበሬዎች መንደር የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ያርፋል። በአፍሪካ ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ገበሬው ዶሮን የያዘበት መንገድ ብዙም አልተለወጠም። ጠዋት ከቆጥ ትወርዳለች። ከዐውድማው ጥሬ፣ ከፍግ ክምሩ ትል፣ ከሣሩ ሥር ምስጥና ፌንጣ፣ ከጓሮው ቅጠል፣ ከማድቤቱ ደጃፍ ፍርፋሪና አተላ ትለቅማለች። ሲመሽ ትመለሳለች። የቤቱ እመቤት አልፎ አልፎ አንድ እፍኝ እህል ትበትንላታለች። ከእንቁላሉና ከዶሮዋ ሽያጭ የሚገኘውም ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልጅ ደብተር የሚውል የሴቲቱ የራሷ ገንዘብ ነው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካና የአውሮፓ ገበሬ ዶሮም የምትኖረው እንዲሁ ነበር። ቤት ዘግቶ በብዛት ማርባት ያልተቻለው ሐሳቡ ስላልመጣ አይደለም። ክረምቱን ቤት ውስጥ የከረሙ ጫጩቶች እግራቸው እየተልፈሰፈሰ ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ታወቀ፤ ከፀሐይ የሚያገኙት ቫይታሚን ዲ ቀርቶባቸው ኖሯል። የዓሣ ጉበት ዘይት በመኖው ውስጥ ሲገባ ጫጩቷ ያለ ፀሐይ ማደግ ቻለች።

አጋጣሚውም አብሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1923 በዴላዌር ግዛት የምትኖር ሲሲል ስቲል የተባለች፣ ለእንቁላል ጥቂት ዶሮ የምታረባ ሴት 50 ጫጩት አዘዘች። ከማስፈልፈያው የመጣላት 500 ሆነ። አልመለሰቻቸውም፤ ቤት ሠርታ አሳደገቻቸውና የተረፉትን 387 ለሥጋ ሸጠች። ስላዋጣት በዓመቱ 1,000 አዘዘች። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ 10,000 የሚይዝ ቤት ነበራት። የዛሬው የሥጋ ዶሮ ኢንዱስትሪ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህች ሴት ግቢ ነው።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። እህልና አኩሪ አተር ብቻ የሚመገቡ ዶሮዎች እንቁላላቸው በደንብ አይፈለፈልም፤ ጫጩቶቻቸውም ይቀጭጩ ነበር። ከእንስሳት ተዋጽኦና ከፍግ የሚገኝ አንድ ስሙ ያልታወቀ ነገር እንደጎደላቸው ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ተለይቶ ወጣ፤ ቫይታሚን ቢ12 ተባለ። ጓሮ የምትውል ዶሮ ትል ስትለቅምና ፍግ ስትጭር ታገኘው የነበረው ነው።

የዘመናዊ መኖ ታሪክ እንግዲህ ጓሮን አንድ በአንድ ወደ ጆንያ የማስገባት ታሪክ ነው። ፀሐዩ፣ ቅጠሉ፣ ትሉ፣ ፍጉ፣ ሁሉም ተራ በተራ በዱቄት መልክ ገባ። መጫሩ ግን ከዶሮዋ አልወጣም። ማሪያን ዶውኪንስ የተባሉ እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ምግብ የሚቀርብላቸው የዱር ዶሮዎች እንኳ ንቁ ከሚሆኑባቸው ደቂቃዎች 60 በመቶ በሚሆኑት መሬት ሲለቅሙ፣ 34 በመቶ በሚሆኑት ደግሞ ሲጭሩ ታይተዋል።

አዲሷ ዶሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ በተቋቋሙት የጅማና የአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ ገቡ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ መንግሥታት ዘመን ጫጩት፣ ቄብና አውራ ዶሮ ለገበሬው ሲታደል ኖሯል። የሐበሻውን አውራ አስወግዶ በምትኩ የፈረንጅ አውራ መስጠትም ተሞክሯል። ስሌቱ አሳማኝ ነበር፤ የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ ሌግሆርን በጥሩ አያያዝ ከ200 በላይ ትጥላለች።

ስሌቱ ሁለት ነገር ዘሎ ነበር። አንደኛው የእናትነት ሥራ ነው። የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 15 እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ትቀመጣለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን እየመራች ትል ማውጣትን፣ ከጭልፊት መሸሸግን ታስተምራለች። በእነዚያ ወራት እንቁላል አትጥልም። የሌግሆርን ብዙ እንቁላል የሚገኘው ይህን ሁሉ ስለተወች ነው። የተወችውን ሥራ ማስፈልፈያው፣ ማሞቂያውና ጠባቂው በገንዘብ ይሠሩታል። ገበሬው ዘንድ ደግሞ ማስፈልፈያ አልነበረም። ነጯ ዶሮ ስታልቅ ዘሯም አብሮ አለቀ።

ሁለተኛው መኖው ነው። የፈረንጇ ዶሮ 200 እንቁላሏን የምትጥለው ከጆንያው ጋር ሆና ነው። ወደ ገበሬው ደጃፍ የደረሰችው ግን ያለ ጆንያው ነበር።

የመንግሥት የስታቲስቲክስ ቆጠራ ውጤቱን ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. ከተቆጠሩት 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል አሁንም የሐበሻ ናቸው። ከስልሳ ዓመት በላይ እደላ በኋላ ማለት ነው። ይህን የገበሬው ኋላ ቀርነት አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው እንዳይሆን ነው ገበሬው የተጠነቀቀው።

የጓሮው ዶሮ ግን እንከን የለባትም ማለት አይደለም። ፈንግል በገባበት መንደር ቆጡን ሁሉ ባዶ ያደርጋል። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በበሽታ፣ በሸለምጥማጥና በጭልፊት ያልቃሉ። ጓሮውም ልክ አለው፤ ከሚችለው በላይ ዶሮ ሲሰፍርበት በቅድሚያ የሚራቡት ጫጩቶቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታደለ ደሴ በማዕከላዊው ደጋ መንደሮች ዶሮዎች ምን ለቅመው እንደሚውሉ አጠኑ። ከጉሮሯቸው ሥር ያለውን የምግብ ማቆሪያ ከፍተው ይዘቱን መረመሩ። በበጋ የሚበዛው ጥሬ ነው፤ በበልግ ትሉ ይጨምራል፤ በክረምት ቅጠሉ ይበዛል። ድምዳሜው ለማንኛውም ባለ ዶሮ የሚጠቅም ነው፦ በደረቁ ወራት የሚጎድላት ፕሮቲን ሲሆን፣ በዝናቡ ወራት የሚጎድላት ኃይል ሰጪው እህል ነው። ሙሉ ጆንያ አያስፈልጋትም ማለት ነው፤ የሚያስፈልጋት በየወቅቱ የጎደላት ነው። በበጋ ጥቂት ፋጉሎ ወይም ምስጥ፣ በክረምት እፍኝ እህል ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። በቡርኪና ፋሶና በአካባቢው አገሮች ያሉ ገበሬዎች እርጥብ እበትና ገለባ የሞላበትን ገንቦ በምስጥ ጉድጓድ ላይ ደፍተው ያሳድራሉ፤ ጠዋት የሞላውን ምስጥ ለጫጩቶቻቸው ያራግፋሉ።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ያሳስባል? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት እንደገና ብዙ ጫጩት ወደ ብዙ ቤት እያስገባ ነው። ዓላማው የሚደገፍ ነው፤ እንቁላል ያልቀመሰ ልጅ በሞላበት አገር እንቁላል ማብዛት ክርክር አያስነሳም። ነገር ግን ቤት የተዘጋባት እንቁላል ጣይ በቀን 110 ግራም ያህል መኖ ትፈልጋለች። መቶ ዶሮ ያለው ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብቻ 6 ኩንታል ያህል መኖ ያወጣል፤ እንቁላል ገዢው ግን በዚያው ጊዜ ጾመኛ ነው። በቆሎው ሲወደድ፣ ከውጭ የሚመጣው የቫይታሚን ቅልቅል በምንዛሪ እጥረት ሲጠፋ፣ ባለ ዶሮው ያለው ምርጫ በኪሳራ መቀለብ ወይም በርካሽ ሸጦ መውጣት ነው። ሰባት ዶሮ በጓሮዋ የምታስጭር ሴት ግን ጾሙን ያለ ዕዳ ታልፈዋለች። ለፋሲካም ገበያው የሐበሻ ዶሮዋን ከሁሉ አብልጦ ይጠይቃታል።

ስለዚህ ሁሉም ወደ ጓሮ ይመለስ ማለት አይቻልም። አዲስ አበባን የሚቀልበው የጓሮ እንቁላል አይደለም፤ በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይም የሚጫር መሬት የለም። ማስፈልፈያና መኖ ፋብሪካ ላለበት ከተማ የተዘጋው ቤት ቦታ አለው። ለገጠሩ ግን ርካሹና አዋጩ ሥራ ሌላ ነው። የፈንግል ክትባት በየቀበሌው በጊዜው ይድረስ። ጫጩቶች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከጭልፊት የሚከለሉበት ቅርጫት ይኑራቸው። እህሉ ጠዋት ሳይሆን ማታ ይበተን፤ ያን ጊዜ ዶሮዋ ቀኑን ስትጭር ውላ ለእራቷ ወደ ቆጧ ትመለሳለች። የፍግ ክምሩ ከጓሮ አይጥፋ፤ ፀረ ተባይ የተረጨበት ማሳ ላይም አትሰማራ። የሚታደለው ዘርም በእንቁላሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጭራ ማደር በመቻሉ ይመዘን።

ከጅማና ከአለማያ እስከ ሌማት ትሩፋት ባሉት ሰባ ዓመታት በየሪፖርቱ የተቆጠረው የታደለው ዶሮ ብዛት ነው። ዶሮዋ የምትውልበት ጓሮ ምን እንዳለው የቆጠረ ጥቂት ነው። የሚቀጥለው እደላ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ያንን ጓሮ ነው፤ ከጎኑም ዶሮዋን የምትጠብቀውን ሴት ምን እንደሚጎድላት መጠየቅ አለበት።