ዓሣን መብላት በብልኃት፤ የጣና ዓሦች ምርምርና ጥበቃ አጭር ታሪክ

አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልኃት» ብለው ሲተርቱ ስለ እሾኹ መናገራቸው ነበር። ቸኩሎ የጎረሰ ሰው ጉሮሮውን ይወጋዋልና ቀስ ብሎ እየለየ ይብላ ማለታቸው ነው። እኛ ግን ይህን ተረት ዛሬ ከገበታው አንሥተን ወደ ሐይቁ ልንወስደው እንወዳለን። ዓሣ ብልኃት የሚያሻው በሳሕን ላይ ሳለ ብቻ አይደለም፤ ከውኃው ሲወጣም ያሻዋል። ያ ብልኃት ምን እንደ ሆነና እኛም ምን ያህል እንደ ሰማነው ከጣና ሐይቅ ታሪክ ለማስረዳት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል፥ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙ የማያልፍ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከእርሱ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ያን ገደል ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ በጣና የቀሩት ዓሦች ከታችኛው የዓባይ ዘመዶቻቸው ተለይተው፥ እጅግ ብዙ ዘመን ለብቻቸው ሲዋለዱ ኖሩ። ከዚህም የተነሣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓይነቶች ከዚያ በቀሉ።

መጽሐፍ ሳይጻፍላቸው በፊት እነዚህን ዓሦች ያወቁ የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል የወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፥ ዓሣ በማጥመድና ጉማሬ በማደን ይታወቁ ነበር። ደንገል እየቆየ ውኃ ስለሚጠጣ፥ አጥማጁ በታንኳው ከዳር ብዙ አይርቅም፤ የሚጭነውም ዓሣ ጥቂት ነው። እንዲህ በመሆኑ የሐይቁ መካከል ማንም አዋጅ ሳያወጣለት እንደ ተከለለ ቦታ ሆኖ ኖረ። በዚያን ዘመን የዓሣው ጠባቂ የታንኳው ደካማነት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው፥ የተፈጥሮ ተመራማሪ፥ ወደ አገራችን መጥቶ ስሜንንና ጎንደርን ጎበኘ። ወደ አገሩም ተመልሶ ባሳተማቸው ጽሑፎች ዋልያን፥ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ዋልያና ጭላዳ እስከ ዛሬ ድረስ በሳይንስ መዝገብ የሚጠሩት የአገሩ ሰው ባወጣላቸው ስም ነው። ያው ሰው የጣናን ዓሦችም በዚያው ዘመን መርምሮ ጻፈ። የስሜን አውሬና የጣና ዓሣ እንዲህ በአንድ እጅ ተጽፈው ወደ አንድ መዝገብ ገቡ፤ ኋላ ግን ዕጣቸው ተለያየ። ስለዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

ከሩፔል በኋላ ቡሌንጄ የተባለው የለንደኑ ሙዚየም ሊቅ፥ ዴገን የሚባል ሰብሳቢ ካመጣለት ዓሣ መካከል አዳዲስ ዓይነቶችን ለይቶ በ1902 ጻፈ። በወረራው ዘመንም በ1937 የጣልያን አካዳሚ ወደ ሐይቁ የጥናት ጓድ ላከ፤ ስለ ዓሦቹ ቢኒ የጻፈው መጽሐፍ በ1940 ታተመ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም ይበልጡን ስም የማውጣት ሥራ ነበር። ዓሦቹ በአልኮል ጠርሙስ ተዘግተው በውጭ አገር ቤተ መዘክር ተደረደሩ፤ በሐይቁ ውስጥ ያሉት ምን በልተው እንደሚኖሩ፥ መቼና የት እንደሚራቡ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። እንዲያውም በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፥ ነጭ ዓሣ የምንለውን ወገን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አንድ ዓይነት ነው ብሎ ጠቀለለው። ልዩነታቸው የአንድ እናት ልጆች መልክ እንደሚለያይ ያለ ነው ማለቱ ነበር።

ይህን ፍርድ የገለበጡት ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። እነርሱም በ1990ዎቹ ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ መጥተው፥ ከሐይቁ የወጣውን ዓሣ በብዛት እየለኩና የበላውን እየመረመሩ በጣና 15 የነጭ ዓሣ ዓይነቶች መኖራቸውን አስረዱ። አንዱ ከጭቃ ውስጥ ትል ይለቅማል፤ ሌላው ሣር ይበላል፤ 8ቱ ደግሞ ዓሣ አዳኞች ናቸው። የዚህ ወገን ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት አዳኝ ሆኖ መገኘቱ ሊቃውንቱን አስደንቋል።

ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ሲመጣ ሐይቁ ቀድሞ ተለውጦ ነበር። በ1986 በሆላንድ ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ድኻው አጥማጅ ገቢ እንዲያገኝ፥ ሕዝቡም እንዲመገብ ነው። ውጤቱም ወዲያው ታየ፤ በ1987 በዓመት 39 ቶን የነበረው ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ይህን ቍጥር በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የሚያይ ሰው ልማት ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የቶኑ ብዛት የሚናገረው ምን ያህል እንደ ወጣ ነው እንጂ ምን ያህል እንደ ቀረ አይደለም። ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 የተያዘውን ዓሣ ባስተያዩ ጊዜ፥ በሐይቁ ደቡብ ያለው ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ቀንሶ አገኙት።

ምክንያቱ በዓሣው አኗኗር ውስጥ ይገኛል። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር በሣሩ መካከል ይራባል። ከ15ቱ ነጭ ዓሦች ግን ቢያንስ 7ቱ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ ዕንቍላላቸውንም ንጹሕ ውኃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ከመውጣታቸው አስቀድሞ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን እዚያው ይዘረጋል። ከዚያ ያመለጠውን ደግሞ በላይኛው ወንዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በውኃው የሚበትኑ ሰዎች ይጠብቁታል። ነጭ ዓሣ ዘግይቶ የሚደርስ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ በአንድ ክረምት የጠፋው በሚመጣው ክረምት አይተካም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት ሳንሸሽግ እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመንግሥት ሥራ በነሐሴ ወር ወደ ባሕር ዳር ወርደን ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እንተወውና፥ በፍልሰታ የዓሣ ገበያ እንደሚደምቅ የታወቀ ነው። በቀረበልን ዓሣ ሆድ ውስጥ ዕንቍላሉ ሞልቶ ባየን ጊዜ «እንዴት ያለ የሰባ ዓሣ ነው!» ብለን አመስግነን በላን። የሚመጣውን ዘመን ምርት በአንድ ምሳ እንደ በላን ያስተዋለ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። እሾኹን በብልኃት ለየን፤ ዋናውን ብልኃት ግን ዘነጋን።

ሕግ አልጠፋም። በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 በፌዴራል መንግሥት ወጣ፤ በዚያው ዓመት የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አወጣ። ነገር ግን ከላይ ያቈየነውን የዋልያን ነገር እዚህ እናምጣው። ዋልያ በ1960ዎቹ እጅግ በተመናመነ ጊዜ በገደሉ ላይ ሲያንስ በዓይን ይታይ ነበር፤ ስለዚህ በ1969 የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ተከለለለት። ፓርኩም በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ቢገባም፥ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። የዋልያ ሥጋት ዛሬም አላበቃም፤ ሲጎድል ግን የሚጮኽለት አለ። ዓሣው ግን በውኃ ተሸፍኖ ያልቃል። የሐይቁ ፊት ዓሣ ሲኖረውም ሲያጣም አንድ ነው፤ በማለዳ ያው ብርሃን ያርፍበታል።

ይህ ባዶ ማስፈራራት እንዳይመስል፥ በፊሊፒንስ አገር በሚንዳናዎ ደሴት የሚገኘውን የላናዎ ሐይቅ እንመልከት። ያም ሐይቅ እንደ ጣና በዚያ ብቻ የሚገኙ የዚሁ ወገን ዓሦች ነበሩት። ከሌላ ስፍራ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ልክ ያጣ ማጥመድ ጨረሷቸው። በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የላናዎ ብቻ ከሆኑት 17 ዓይነቶች 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን አስታወቀ፤ የቀሩት 2ቱም ምናልባት ጠፍተው ይሆናል ተባለ። እንግዲህ ከዚህ ወገን ትላልቅ ዓሦች እንዲህ ተባዝተው የሚገኙበት፥ እስከ ዛሬም ያልጠፉበት የታወቀ ሐይቅ ጣና ብቻ ሆኖ ቀረ። ያደራው ክብደት ከዚህ ይታወቃል።

ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም ዳርቻውን ወርሮታል፤ በወንዞቹ ላይ የሚሠራው የመስኖ ግድብም የዓሣውን መንገድ የሚቈርጥ ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። ግድቡ አይሠራ አንልም፤ ገበሬው ውኃ ያሻዋል። አጥማጁም መረቡን ይጣል አንልም፤ ልጆች አሉት። የምንለው፥ የሚወልድበትን ወራት ለዓሣው እንተውለት፤ የመረቡ ዓይንም ግልገሉን የሚያሳልፍ ይሁን ነው። ከሁሉ በፊት ግን በባሕር ዳር ያሉ ተመራማሪዎች የዓሣውን ቍጥር በየዓመቱ ሳያቋርጡ ይመዝግቡ። በውኃ ውስጥ ያለውን ሀብት የሚያይ ዓይን ቈጠራ ነውና። አጥማጁም ከልጅነቱ ጀምሮ በሐይቁ ያየውን የሚነግራቸው እርሱ ስለ ሆነ፥ በዚህ ሥራ ተከሳሽ ሳይሆን ምስክር ሆኖ ይጠራ።

የደንገሉ ታንኳ ደካማነት ለብዙ ዘመን ጠብቆልን የነበረውን፥ ዛሬ ብርቱ ጀልባ የያዝን እኛ በአእምሮአችን ልንጠብቀው ይገባናል። ዓሣን መብላት በብልኃት ማለት ከእንግዲህ ይህ ነው።