ዚንክ፦ ከጣሪያችን እስከ ሕፃናት ኪኒን

ግራና ውስጥ ቀና ብላችሁ ጣሪያ ካያችሁ ዚንክን አይታችኋል። ቆርቆሮ የምንለው ስስ ብረት ነው፤ አዲስ ሲሆን የሚያብረቀርቀው ልባሱ ግን ዚንክ ነው። የአቶም ቁጥሩ 30 ሲሆን በ419.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ብረት ግን 1,538 ይፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካ የብረቱን ሉህ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ያወጣዋል ማለት ነው።

ልባሱ ቢጫር እንኳ ብረቱ ቶሎ አይዝግም፤ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ነው። እሱ ሲያልቅ ዝገቱ ይጀምራል። ቆርቆሮ ስትገዙ ስለ ሉሁ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ስለ ልባሱም ጠይቁ።

የተራው ባትሪ ድንጋይ ቅርፊትም ዚንክ ነው። ኃይል በሰጠ ቁጥር ቅርፊቱ እየሳሳ ይሄዳል። ያለቀ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ተረስቶ የሚያፈሰው ለዚህ ነው።

በያጆች ይህችን ልብ በሉ! ዚንክ የተለበሰ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያተኩሳል፣ ይቆረጣጥማል። እንደ ሐብሩ ቆላ ወባ ባለበት አገር ደግሞ በቀላሉ ወባ ነው ሊባል ይችላል። ወተት መጠጣት የተለመደ ነው፣ ግን ወደ ሳንባ የገባን ጭስ ወተት አያወጣውም። የሚበየደውን ቦታ ልባሱን ቀድሞ ሞርዶ ማንሳት፣ አየር በሚነፍስበት መሥራትና ለብረት ጭስ የተሠራ መሸፈኛ ማድረግ ይሻላል። ሐኪም ቤት ከሄዳችሁም ስትበይዱ እንደዋላችሁ ተናገሩ።

ሰውነታችንም ያለ ዚንክ አይሆንለትም። ዕድገትና በሽታን መከላከል በእሱ ላይ ይመሠረታሉ። ሥጋ ውስጥ በደንብ አለ። እህል ውስጥም አለ፣ ግን ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ይሄ ፋይቴት ይቀንሳል፤ የእናቶቻችን እርሾ ሳይንስ ነው እንግዲህ! አፈሩም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት አማራ ክልልን ጨምሮ የተሰበሰበ እህል የዚንክ መጠኑ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። ዚንክ ያለበት ማዳበሪያም አገራችን የገባው በአፈር ውስጥ ያለውን እጥረት ለመሙላት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው ኪኒን ዚንክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት መመሪያ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በታች ለሆኑ 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይላል። ኪኒኑ በእናት ጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ይሟሟል። ብዙ ቤት ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ኪኒኑም ይቆማል። አታቁሙት። የቀረው ኪኒን በቀጣዮቹ 2 እና 3 ወራት ተቅማጡ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉን ይቀንሳል። ልጁ መጥባት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ደም ካስቀመጠው ግን ኪኒን ላይ አትመኩ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።