አርባዎቹ ልጆችና የአገር መዝሙር

ከበሮና መለከት በእኛ አገር ተራ የጨዋታ ዕቃ አልነበሩም። ነጋሪት ተጎሰመ ማለት አዋጅ አለ ማለት ነው። መለከት ተነፋ ማለት ደግሞ ወይ ንጉሥ መጣ፣ ወይ ዘመቻ ተነሣ። እምቢልታውማ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ነው የሚነፉት፤ አንዱ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ሁለት ብቻ ስለሆነ ለብቻው ዜማ አይሞላለትም። ታዲያ ይህን ሁሉ የክብር ድምፅ ይዛ የኖረች አገር የብሔራዊ መዝሙሯን ዜማ ከማን ያገኘች ይመስላችኋል? ወላጅ አልባ ልጆችን ይዞ ከመጣ አንድ ስደተኛ መምህር!

ነገሩ እንዲህ ነው። 1916 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ልዩ ዓመት ነበር። በመስከረም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በሚያዝያ ደግሞ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን መኳንንቱን አስከትለው የአውሮፓ ጉዟቸውን ጀመሩ፤ በመንገዳቸውም ኢየሩሳሌም ገቡ። እዚያ የአርመኖች የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም አለ። አርመኖችና የእኛ መነኮሳት በቅድስቲቱ ከተማ የብዙ ዘመን ጎረቤቶች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኖቻቸውም የ451ዱን (እ.ኤ.አ.) የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበሉ እኅትማማቾች ናቸው። ስለዚህ ራስ ተፈሪ የገዳሙን ደጅ ሲረግጡ የባዕድ ቤት ገቡ አይባልም።

በዚያን ጊዜ በገዳሙ ጥላ ሥር የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። በ1915 እ.ኤ.አ. በኦቶማን ቱርክ ግዛት ከተጀመረው የአርመን ሕዝብ እልቂት የተረፉ ናቸው። ከመጠለያና ከትምህርት ሌላ ጥሩንባና ከበሮም ተሰጥቷቸው በማርሽ ባንድ ተደራጅተዋል። ራስ ተፈሪ ሙዚቃቸውን ሰምተው ወደዱት። ፓትርያርኩን አስፈቅደውም አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ልጆቹ የገቡት አዲስ ዓመት ሊብት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም.። መሪያቸው የአይንታብ ተወላጁ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ያገራችን ሰውም በመጡበት ቁጥር “አርባ ልጆች” አላቸው፤ ስማቸው በዚያው ቀረ።

ለምን አስፈለጉ? የጥሩንባ ሙዚቃ እንኳ ለቤተ መንግሥታችን ጨርሶ አዲስ አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሥ ለዐፄ ምኒልክ መሣሪያ ተልኮ ባንድ ቆሞ ነበር። ግን የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነ አገር እንግዳ ሲቀበልም ሆነ እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይመታል። ባንዲራው ነበረን፤ የጎደለን መዝሙሩ ነበር። ናልባንዲያን በ1926 እ.ኤ.አ. “ማርሽ ተፈሪ” የተባለውን ዜማ ደረሱ። ይኸው ዜማ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተመታ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

እኔ የድሮውን መዝሙር ማን እንደደረሰው የማውቃቸውን ሰዎች ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ ዮፍታሔ ንጉሤን ይጠሩልኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ነው። የዜማውን ባለቤት ግን ስንቱ ያውቃል? ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ ተማሪው ተሰልፎ የዘመረው፣ ወታደሩ ቀጥ ብሎ የቆመለት ዜማ፣ የራሱን አገር በእልቂት ያጣ ሰው የደረሰው ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞም በመዝሙሩ አላበቃም። ኬቮርክ ሙዚቃ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ተከትለው መጥተው፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ያገራችንን ዜማ ለዘመናዊ ኦርኬስትራ እያቀናበሩ ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠኑ። ክብር ዘበኛው፣ ጦሩና ፖሊሱም የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ስማቸው የገነነው በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አይደል? ያ ሁሉ የአርባዎቹ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ እጅ አለበት። ግን በር ከከፈቱት መካከል እነሱ አሉ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ነገር በከረረ ቁጥር “አንተ የማን ነህ? አባትህ ከየት መጣ?” መባባል ይቀናናል። አያት ቅድመ አያት እየቆጠርን አገር እንሰፍራለን። በዚህ መስፈሪያ ቢሆን ኖሮ ናልባንዲያን ዜማውን ሳይሆን ሻንጣውን እንዲያነሣ በተነገረው ነበር። አርመኖቹም ቢሆኑ ከ1966ቱ አብዮትና ከውርሱ በኋላ አብዛኞቹ ወጥተው ሄዱ። ዛሬ አዲስ አበባ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን አሁንም ቆሞ ይታያል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የምታስጠልላቸው ስደተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ልጆች ናቸው። ስለ እነሱ ስናወራ የምናወራው ስለ እህሉ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ወጪው ነው። ተገቢ ነው፤ የተራበ መብላት አለበት። ግን እነዚያ አርባዎቹም በአንድ ወቅት የሚበላ አፍ ብቻ ሆነው ተቆጥረው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። የኢየሩሳሌሙ ገዳም ዳቦውንም ሰጣቸው፤ ጥሩንባውንም ሰጣቸው። ጥሩንባውን ባይሰጣቸው ኖሮ እኛም ያንን መዝሙር ባልዘመርን ነበር።